ጋዙ ከምጣዱ ለምን አልደረሰም?
በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ስለ ማብሰያ ጋዝ የቀረበ አጭር ጥናት

በባሕር ዳር ከተማ ማለዳ ወደ ጣና ዳር የወረደ ሰው ሁለት ዓይነት ማገዶ ወደ ከተማው ሲገባ ያያል። አንደኛው ከዘጌ በኩል በደንገል ታንኳ ተጭኖ የሚመጣው እንጨት ነው። ሁለተኛው ከከባድ መኪና ወርዶ በባጃጅ ወደየሰፈሩ የሚሄደው የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ነው። እንጨቱ ወደ ድኻው ቤት፣ ጋዙ ወደ ሀብታሙ ቤት የሚሄድ ይመስላል፤ ነገሩን በቅርብ ለተመለከተው ግን ሁለቱ ብዙ ጊዜ የሚገቡት ወደ አንድ ቤት ነው። ጋዝ የገዛችው የቤት እመቤት እንጨቱንም ትገዛለች። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ስለምን እንደሚሆን ማስረዳትና ንጹሕ የማብሰያ ጋዝን በአገራችን ለማስፋፋት የሚደረገው ጥረት ምን እንደጐደለው ማመልከት ነው። በጽሑፉ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ ክብደት

ስለ ጭስ መጻፍ ለአንዳንድ ጓደኞቻችን ከተማሪ የማይጠበቅ ትንሽ ነገር ሆኖ ሊታያቸው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ግን ሌላ ይናገራል። ድርጅቱ በ2020 በቤት ውስጥ ከሚነድ እሳት በሚወጣው ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ከአምስት ሰዎች አራቱ ያህል ንጹሕ ማብሰያ የላቸውም። በአገራችን ደግሞ ከአሥር ቤቶች ዘጠኙ ያህል የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በሰብል ገለባ ነው። ጭሱ ሳንባን ያቆስላል፤ የሕፃናትን የሳንባ ምች ያበዛል፤ የዓይን ሞራንም ያመጣል። ጉዳቱ በመጀመሪያ የሚያርፈው በእናቶችና በጀርባቸው በታዘሉ ልጆች ላይ ነው፤ በምድጃ አጠገብ ረጅሙን ሰዓት የሚያሳልፉት እነርሱ ናቸውና።

ስለዚህ ጋዝን ማስፋፋት መልካም ነገር መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው የመስፋፋቱ መለኪያ ነው። ስንት ሲሊንደር ተሸጠ? ስንት ምድጃ ታደለ? ስንት ጕድጓድ ተቆፈረ? እነዚህ ቍጥሮች ስለ ዕቃው ይነግሩናል፤ ጭሱ ከቤቱ ስለ መውጣቱ ግን አይነግሩንም።

ሦስቱ የማድ ቤት ሥራዎች

በእኛ አገር ማድ ቤት ውስጥ እሳት ሦስት ዋና ዋና ሥራዎች አሉት፤ ወጥ መሥራት፣ ቡና ማፍላትና እንጀራ መጋገር። ቡና ለማፍላት ጥቂት ፍም ይበቃል። ወጥ በድስት ይሠራል፤ ድስቱም ጠባብ መቀመጫ ስላለው ለማንኛውም የጋዝ ምድጃ ይስማማል። እንጀራ ግን የራሱ ሕግ ያለው ሥራ ነው።

የእንጀራ ምጣድ ከሸክላ የተሠራ፣ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ገበታ ነው። ሊጡ ከመፍሰሱ በፊት የምጣዱ ፊት ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መጋል አለበት፤ ሙቀቱም ከመሐል እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት። መሐሉ ቢበረታ እንጀራው ያርራል፤ ዳሩ ቢቀዘቅዝ ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። አንዱ እንጀራ እንደ ወጣ ቀዝቃዛ ሊጥ እንደገና ስለሚፈስበት እሳቱ የተወሰደውን ሙቀት ቶሎ መመለስ ይኖርበታል። ይህ ሁሉ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። በአገራችን ቤቶች ለማብሰያ ከሚነደው ማገዶ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠውን የሚወስደው እንጀራ መጋገር መሆኑን በዚህ ጉዳይ የደከሙ ሊቃውንት ይስማሙበታል።

እኛም ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ሞኝነታችን ተምረነዋል። በተከራየነው ቤት ውስጥ ለጥናት አብረን በምንኖርበት ጊዜ እንጨት መግዛት ስለ ሰለቸን አንድ የሸክላ ምጣድ በትንሿ የቡታ ጋዝ ምድጃ ላይ ጫንን። የመጀመሪያው እንጀራ በመሐሉ የመዳፍ ስፋት ያህል ጠቈረ፤ ዳሩ ግን ሊጥ እንደሆነ ቀረ። እሳቱን ብንቀንስ መሐሉም ሳይበስል ቀረ፤ ብንጨምር ምጣዱ በመካከሉ ተሰነጠቀ። በማግስቱ ማለዳ እንጨት ልንገዛ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። በዚያች ማለዳ በጽሑፋችን መጀመሪያ ያነሣነው ጥያቄ መልሱን አገኘ ለማለት ይቻላል፤ ጋዙ ድስቱን ተረክቧል፤ ምጣዱን ግን ገና አልተረከበም።

ቡታ ጋዝ

ሕዝቡ ቡታ ጋዝ የሚለው ነገር ፕሮፔንና ቡቴን የተባሉት የነዳጅ ጋዞች ድብልቅ ነው። እነዚህ ጋዞች መጠነኛ በሆነ ግፊት ብቻ ወደ ፈሳሽነት ስለሚለወጡ በብረት ሲሊንደር ለመያዝ ይመቻሉ። አንድ ኪሎ ግራም ሲነድ 12.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። በደንብ ሲነድ ጭስና ጥላሸት የለውም። ከአየር ስለሚከብድ ግን ካመለጠ በወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ሲሊንደሩ በታችኛው በኩል አየር በሚገባበት ስፍራ መቀመጥ አለበት።

አገራችን ይህን ጋዝ የምታገኘው ከውጭ በመግዛት ነው። በ1967 ተከፍቶ የነበረው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ በ1997 ሥራውን አቁሟል። በኦጋዴን ካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ከተገኘ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የማምረቻውም የመጀመሪያ ክፍል በ2025 ተመርቋል። ነገር ግን የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ስለሆነ ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ በካሉብ ፈሳሽ ጋዝ ወጣ ማለት በባሕር ዳር የማድ ቤት ሲሊንደር ሞላ ማለት አይደለም። የባሕር ዳሩ ሲሊንደር ዛሬም የሚሞላው በውጭ ምንዛሪ በተገዛ ጋዝ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ወይም ምንዛሪ ሲያጥር ባዶውን ይቆማል።

ስለ ጋዝ መስፋፋት ሲነገር ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የምትጠቀሰው ሴኔጋል ናት። የሴኔጋል መንግሥት ከሳሕል ድርቅ በኋላ ደኑ ለከሰል ሲመነጠር አይቶ በ1974 ቡቴንን ማስፋፋት ጀመረ። መጀመሪያ 2.7 ኪሎ ግራም፣ ቀጥሎም 6 ኪሎ ግራም የሚይዙ ትንንሽ ሲሊንደሮች ምድጃቸው በአናታቸው እንደ ተገጠመ ለገበያ ቀረቡ፤ ዋጋውንም መንግሥት ደጐመ። ዳካር በዚህ ዘዴ ከከሰል ወደ ጋዝ ተሻገረች። ለዚህ መሳካት ድጐማው ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ እኛ ግን አንድ ሌላ ምክንያት እንጨምራለን። የሴኔጋል ሰው ዋና ምግብ ሩዝና ዓሣ ነው፤ ሁለቱም በድስት ይሠራሉ። ሲሊንደሩ ላይ የተገጠመችው ምድጃ ድስቱን ከተሸከመች የቤቱን ሥራ በሙሉ ማለት ይቻላል ተሸከመች። እኛ ዘንድ ያቺው ምድጃ ብትመጣ የምትሸከመው ከሥራው ግማሹን እንኳ አይሞላም።

ለማነጻጸር ያህል አንድ ሒሳብ እንሥራ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል፤ ለሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። የጋዝ ነበልባል ሙቀት በምጣዱ ዳር እየሾለከ ስለሚባክን ለዚያው ሥራ እጥፉ፣ ማለት 14 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ያስፈልጋል ብንል አንድ ጋገራ ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ቡታ ጋዝ ይፈጃል። 12.5 ኪሎ ግራም የሚይዘው ሲሊንደር 11 ጋገራ ያህል አግልግሎ ያልቃል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሚጋግር ቤት ይህ ከስድስት ሳምንት በታች ነው፤ ያውም ለወጡ ምንም ሳይቀር። እንግዲህ የቤት እመቤቷ ጋዙን ለወጥ ቆጥባ ለእንጀራው እንጨት መግዛቷ አለማወቅ አይደለም፤ ሒሳቡን ከእኛ በፊት ሠርታዋለች።

ከእበት የሚወጣው ጋዝ

ከውጭ የማይገዛ ጋዝም አለ። የከብት እበት ከውኃ ጋር ተበጥብጦ አየር በማይገባበት ጕድጓድ ውስጥ ሲቀመጥ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ያብላሉትና ሚቴን የበዛበት ጋዝ ያወጣሉ፤ ይህም ባዮጋዝ ይባላል። ወደ አገራችን የገባው በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ በአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት ነው። በሰፊው ሊስፋፋ የተሞከረው ግን በ2009 ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ሲጀመር ነው። ለሥራው የተመረጠው ጕድጓድ ከኔፓል አሠራር ተወስዶ ለአገራችን እንዲስማማ የተሻሻለ ሲሆን ስሙም «ስንዱ» ተባለ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት 14,000 ጕድጓድ ለመሥራት ታቅዶ 8,000 ያህል ተሠርቷል።

የባዮጋዝ ትልቁ ጥቅም አንዱን እበት ሁለት ጊዜ ማሠራቱ ነው። እበት ኩበት ሆኖ ሲነድ መሬቱ ማዳበሪያውን ያጣል። በጕድጓዱ ውስጥ ሲብላላ ግን ጋዙ ወደ ማድ ቤት ይሄዳል፤ የተረፈው ዝቃጭም ማዳበሪያነቱን እንደያዘ ወደ ማሳ ይመለሳል። ለዛፍ አልባው ሜዳ ለሚኖር ገበሬ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁንም ወደ ምጣዱ እንመለስ። 6 ሜትር ኩብ የሚይዘው ጕድጓድ በቀን እስከ 40 ኪሎ ግራም እበትና የዚያኑ ያህል ውኃ ይቀለባል። ከዚህም በቀን 1.5 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ ይወጣል። አንድ ሜትር ኩብ ባዮጋዝ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ስላለው የቀኑ ምርት 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ለወጥና ለቡና ይበቃል። ለአንድ ጋገራ ግን ከላይ የገመትነው 14 ነው። ታዲያ የሁለት ቀኑን አጠራቅሞ በሦስተኛው ቀን መጋገር አይቻልምን? አይቻልም፤ የጕድጓዱ ጣራ የሚያጠራቅመው ጋዝ በተለምዶ ከአንድ ቀን ምርት አያልፍም። ትርፉ ጋዝ መውጫ ፈልጎ ያመልጣል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጕድጓዱ ጋዙን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል፤ ባልትናው ግን በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ብዙ እሳት ይፈልጋል። የመሣሪያው ልማድና የቤቱ ልማድ አልተገናኙም። በባዮጋዝ የሚሠራ ሰፊ የእሳት ቀለበት ያለው የእንጀራ ምድጃ ተሠርቶ ተሞክሯል፤ ሙከራውም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከምድጃው ጋር ጕድጓዱና የጋዝ ማጠራቀሚያው አብረው ካልሰፉ ምድጃው ብቻውን አይበቃም።

ሦስት ዳርቻዎች

የጣና ሐይቅ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ በዙሪያው ያለው ሕዝብም አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖርም። ስለዚህ ለሐይቁ ዙሪያ በጠቅላላው አንድ መድኃኒት ማዘዝ ስሕተት ነው።

በምሥራቅ በኩል የፎገራ ሜዳ አለ። የፎገራ ከብት የታወቀ ነው፤ ዛፍ ግን ጥቂት ነው፤ ኩበት ይነዳል። ባዮጋዝ ለመትከል ቢያንስ አራት ከብት ያስፈልጋል ስለሚባል ቦታው የተመቸ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሜዳው በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ጥቁር አፈሩም ሲረጥብ እያበጠ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዚህ ላይ የተሠራ የግንብ ጕድጓድ ቢሰነጠቅ ጋዙ ያመልጣል፤ ጠጋኝ ባለሙያ በቅርብ ከሌለም ባለቤቷ ወደ ኩበቷ ትመለሳለች። ደግሞም በቀን 40 ሊትር ውኃ ማለት ሁለት ጀሪካን ማለት ነው፤ እርሱንም የምትቀዳው ያችው እንጨት ለቀማ ይቀርልሻል የተባለችው ሴት ናት።

በደቡብ ምዕራብ በኩል ዘጌ አለ። የዘጌ ገዳማት በጥንት ሥርዓታቸው በምድሪቱ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስንና ከብት ማርባትን ይከለክላሉ። ሕዝቡ በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ይተዳደራል፤ ደኑ እስከ ዛሬ የቆየውም በዚህ ሥርዓት ምክንያት ነው። እንግዲህ ከብት በሌለበት እበት የለም፤ እበት በሌለበት ባዮጋዝ የለም። ለባሕር ዳር ምጣድ እንጨት የምትሰጠው ምድር ራሷ ከባዮጋዝ ውጭ ናት ማለት ነው። ከዚህም በላይ እንጨቱን በታንኳ የሚያመጣው ሰው እንጀራ የሚበላው ከዚያው እንጨት ነው። የከተማው ጭስ ቢጠፋ የእርሱ ገበያ አብሮ ይጠፋል። ጋዝን ለማስፋፋት የሚያስብ ሁሉ ስለዚህ ሰው አብሮ ማሰብ አለበት።

በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በተለይም በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያና በሊቦ ከምከም፣ እምቦጭ አለ። ይህ አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ የታወቀው በ2011 ነው። ገበሬው በእጁ እየነቀለ በዳር ሲከምረው ያየ ሁሉ ለምን ጋዝ አይወጣበትም ብሎ ይጠይቃል። ይወጣበታል፤ ከእበት ጋር ቢደባለቅ ይብላላል። ግን እምቦጭ ከመቶ እጁ 90ው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ውኃ ነው። 100 ኪሎ ግራም እምቦጭ ተሸክሞ ለጕድጓዱ መመገብ ማለት 10 ኪሎ ግራም የማይሞላ ደረቅ ነገር መመገብ ማለት ነው። ካልተከተከተም በጕድጓዱ ውስጥ ተንሳፍፎ መውጫውን ይደፍናል። ስለዚህ ከሐይቁ ዳር ርቆ ለሚኖር ቤት ሸክሙ ከጥቅሙ ይበልጣል። በዚያው በተነቀለበት ዳር ለሚሠራ ትልቅ የጋራ ጕድጓድ ግን ሊታሰብ ይገባዋል።

ኤሌክትሪክስ?

አንዳንድ አንባቢ ጢስ ዓባይ በቅርብ ሳለ ስለ ጋዝ ምን አስጨነቃችሁ ይለን ይሆናል። እውነት ነው፤ ስሙ ጢስ ይሁን እንጂ ጢስ የሌለውን ምጣድ ለባሕር ዳር ያስተዋወቀው እርሱ ነው። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ጣቢያ በ1964 በ11.4 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመረ። ይህ ጣቢያ በሙሉ ኃይሉ ቢሠራና ሌላ ምንም ሥራ ባይኖረው በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው 3,250 ያህል ምጣድ ብቻ ነው። በ2010 የተከፈተው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት ስላለው ነገሩ ተለውጧል። ቢሆንም በአንድ ሰፈር ብዙ ምጣድ በአንድ ሰዓት ሲሰካ የሰፈሩ ትራንስፎርመር አይችለውም፤ መብራቱም ይጠፋል። በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ብዙ የገጠር ቤቶች ደግሞ መስመሩ ገና አልደረሳቸውም።

የእኛ አስተያየት

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ሐሳብ አንድ ነው። በአገራችን የንጹሕ ማብሰያ መለኪያው ድስት ሳይሆን ምጣድ መሆን አለበት። ለአንድ ቤት ጋዝ ደረሰ ከመባሉ በፊት እንጀራው በምን ይጋገራል ተብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ይህ መለኪያ ከተያዘ ሥራው በየስፍራው ይለያል። በባሕር ዳር ከተማ ጋዝና ኤሌክትሪክ እንደ ተፎካካሪ ሳይሆን እንደ ባልንጀራ መታሰብ አለባቸው፤ ጋዙ ለድስት፣ ኤሌክትሪኩ ለምጣድ፣ ሰፈር ከሰፈር የመጋገሪያ ሰዓት ተለያይቶለት። ከብት ላለው ገበሬ ጕድጓዱ ሲሠራ ስፋቱ ከጅምሩ በምጣዱ ይለካ፤ ከግንበኛውም ጋር ጠጋኙ አብሮ ይሠልጥን። መስመርም ከብትም ለሌላቸው ደግሞ ዙሪያውን ተዘግቶ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርት» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከጉልቻ ይልቅ እስከ ግማሽ ማገዶ ስለሚቆጥብ ጋዙ እስኪደርስ ቸል ሊባል አይገባውም። ጭሱን ፈጽሞ አያጠፋም፤ ግን የታንኳውን ሸክም ያቀላል።

ሒሳባችን በግምት ላይ የቆመ መሆኑን አንሸሽግም፤ በተለይም በጋዝ ነበልባል ላይ የሚባክነውን ሙቀት እጥፍ ብለን የወሰድነው ለማስረዳት እንዲመች ነው። ስለዚህ ጓደኞቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። በሚመጣው ዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። እናታችሁ ሊጡን ከማፍሰሷ በፊት እንጨቱን መዝኑ፤ ጋገራው ሲያበቃ የተረፈውን መዝኑ፤ የእንጀራውን ቍጥርና የፈጀውን ሰዓት ጻፉ። ከየአገሩ የሚመጣው እንዲህ ያለ ቍጥር ቢጠራቀም ስለ ጋዝ የሚነገረው ነገር ሁሉ ከሲሊንደር ቈጠራ ወጥቶ ወደ ማድ ቤት ይገባል። ሚዛኑን ይዛችሁ ስትገቡ እናታችሁ መሣቋ አይቀርም፤ በጭሱ መካከል ተቀምጣችሁ ሥራዋን ስትመዝኑ ግን የመጀመሪያዎቹ ልጆችዋ ልትሆኑ ትችላላችሁ።